ከዓይን በፊት ጆሮ፦ ለጀማሪ የቪዲዮ ኤዲተሮች የቀረበ ዲስኩር



የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥልጠና ማስታወቂያዎችን ልብ ብላችሁ ብታነቡ በአብዛኛው የሚዘረዝሩት የፕሮግራም ስም ነው፤ ፕሪሚየር፣ አፍተር ኢፌክትስ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ካፕከት። ሠልጣኙም ኮርሱን ጨርሶ ሲወጣ “ምን ትችላለህ?” ብትሉት የሚቆጥርላችሁ እነዚህኑ ስሞች ነው። ቃለ መጠይቅ ማሳጠር እችላለሁ፣ የተዘበራረቀ ቀረጻ መልክ አስይዛለሁ የሚል ብዙም አይገኝም። ዛሬ እዚህ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ጀማሪ ኤዲተር ከዓይኑ በፊት ጆሮውን ያሠልጥን። ፕሮግራም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የትኛው ለማን እንደሚሆን ኋላ በስማቸው እየጠራሁ እናገራለሁ። ነገር ግን ድምፅን ምስሉ ካለቀ በኋላ እንደሚጨመር ማጣፈጫ የሚያይ ሰው፣ የቱንም ያህል ውድ ፕሮግራም ቢይዝ፣ ሥራው ተመልካች አይዝለትም ባይ ነኝ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሽሮ ሜዳ ከሚገኝ አንድ ሸማኔ ጋር የአሥር ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ተቀረጸ እንበል። ሰውየው እየሠራ ነው የሚናገረው። ካሜራው ፊቱን ይዟል፤ በተጨማሪም እግሩ መርገጫውን ሲረግጥ፣ እጁ መወርወሪያውን በድሩ መሀል ሲያሳልፍ፣ ጥለቱ ቀስ በቀስ መልክ ሲይዝ የሚያሳዩ ስድስት ሰባት ሾቶች አሉ። ጀማሪው ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ ሲቀመጥ መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ቆንጆው ሾት ነው። ጥለቱን ያስቀድማል፤ ቀጥሎ ፊቱን፣ ቀጥሎ እጁን ይደረድራል። መገጣጠሚያው ይሻክረውና ዲዞልቭ ያደርግበታል። ዲዞልቩም ሳይበቃው ይቀርና ሙዚቃ ይጭንበታል። ሲጨርስ የሰውየው ንግግር ሙዚቃው ሥር ተቀብሯል፤ መወርወሪያው ድሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ሸማኔን ያለ ሸማ ዕቃው ድምፅ ማሳየት ግማሹን ሰው ትቶ መምጣት ነው።

አሁን ያንኑ ሥራ ከድምፅ እንጀምረው። ኤዲተሩ ሞኒተሩን ዘወር አድርጎ አሥሩን ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ሰውየው በእርግጥ ቁም ነገር የተናገረበትን ሁለት ደቂቃ ተኩል ይለያል፤ ቅደም ተከተሉን በሐሳቡ ፍሰት ያበጃል። ይህ ሲያልቅ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ታሪኩን መከተል መቻል አለበት፤ ካልቻለ ምስል ጨምሮ ማዳን ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ምስሉ ይመጣል። ሸማኔው “ሥራውን የተማርኩት ከአባቴ ነው” እያለ ፊቱ ገና እየታየ፣ የመወርወሪያው ድምፅ ከምስሉ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይግባ። ተመልካቹ ድምፁን ሲሰማ ምንጩን ማየት ይፈልጋል፤ ምስሉ ወደ እጁ ሲዞርም የፈለገውን ስላገኘ መቆረጡን ልብ አይልም። ባለሙያዎች ይህን ጄ-ካት ይሉታል። ተገላቢጦሹ፣ ምስሉ ወደ እጁ ሄዶ የሰውየው ንግግር ከበስተኋላ የሚቀጥልበት፣ ኤል-ካት ይባላል። ሁለቱም ከቀላሉ ቆረጣ በላይ የሚጠይቁት ነገር የለም፤ የድምፁን ክሊፕ ጫፍ ይዞ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሳብ ብቻ ነው። መገጣጠሚያን ለማለስለስ የተሸጡልን ተሽከርካሪ ልቦች፣ የሚበተኑ ጽጌረዳዎችና የሚገለበጡ ገጾች (የሰርግ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል) አብዛኛውን ጊዜ ያላደመጠ ኤዲተር የሚሸሸግባቸው መጋረጃዎች ናቸው።

ይህ የእኔ ምርጫ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምስክር ልጥራ። አሜሪካዊው ዎልተር መርች በዓለም ስማቸው ከሚጠራ ኤዲተሮች አንዱ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ የታወቀው በድምፅ ሥራው ነው። “አፖካሊፕስ ናው” ለተባለው የ1979 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ያገኘው ኦስካር የድምፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ “ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት” በተባለው ፊልም በአንድ ምሽት ሁለት ኦስካር ወሰደ፤ አንዱ በኤዲቲንግ፣ ሁለተኛው በድምፅ። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው የሚል ካለ፣ ሰውየው ስለ ቆረጣ የጻፈውን ይመልከት። መርች አንድ ቆረጣ ጥሩ መሆኑ የሚለካባቸውን ስድስት መመዘኛዎች በመቶኛ አስቀምጧል፤ ስሜት 51፣ ታሪክ 23፣ ምት 10። የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም የተመልካቹ ዓይን የት እንዳረፈ፣ የምስሉ ጠፍጣፋ ገጽታ አቀማመጥና የቦታው ስፋትና ጥልቀት፣ ተደምረው 16 ብቻ ናቸው። ቁጥሮቹን እንደ ሒሳብ አትያዟቸው፤ እሱም ግማሹን እንደ ቀልድ ነው ያስቀመጣቸው። ቅደም ተከተሉን ግን ተመልከቱ። ለዓይን ብቻ የሚቀርቡት መመዘኛዎች ከታች ናቸው፤ ከላይ ያሉት ሦስቱ በጆሮም የሚገቡ ናቸው። የሰው ድምፅ ሲሰበር ፊቱን ባናይም ይገባናል። ምት ደግሞ በባሕርዩ የጆሮ ጉዳይ ነው።

ለአማርኛ ኤዲተር ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻው ላይ ነው፤ ግሡ እስኪመጣ ተናጋሪው ይስማማ ይቃወም፣ ሆነ ይበል አልሆነም ይበል ቁርጡ አይታወቅም። ያ ሸማኔ ስለ ገበያው ተጠይቆ “ገበያው ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽም” አለ እንበል። ብዙ ሰው ይህን ሲናገር “ነው” ካለ በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል። በታይምላይኑ ላይ የድምፁን ሞገድ ብታዩት እዚያ ቦታ ላይ ሸለቆ ይታያል፤ ለመቁረጥ የሚጋብዝ ንጹሕ ቦታ ነው። ጀማሪው ሞገዱን ብቻ አይቶ እዚያ ቢቆርጥ ሸማኔው “ገበያው ጥሩ ነው” ብሎ ይመሰክራል። የተናገረው ተቃራኒውን ነው። ማንም ሊዋሽ አልተነሳም፤ ሰውየው ግን ጎረቤቶቹ ፊት የሚያፍርበትን ነገር ተናግሮ ተገኘ። ከውጭ የሚመጡ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች “ዝምታውን ፈልጋችሁ እዚያ ቁረጡ” ሲሉ ይህን አደጋ አያነሱም፤ የተሠሩት ግሥ ቀድሞ ለሚመጣባቸው ቋንቋዎች ነው።

ሌላም አለ። እኛ “አዎ” የምንለው በቃል ብቻ አይደለም፤ አየር ወደ ውስጥ ስበን በትንፋሽ ብቻ እንስማማለን። ዝምታንና ትንፋሽን በራሱ ለይቶ የሚያጠፋ መሣሪያ በብዙ ፕሮግራም ውስጥ ዛሬ አለ፤ ባለብዙ ሰዓት ቀረጻን በደቂቃዎች ያሳጥራል። አንዲት እናት “ልጅሽ ደወለልሽ?” ተብላ በዚያች ትንፋሽ ብትመልስ፣ መሣሪያው መልሷን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ይጥለዋል፤ ጥያቄው መልስ ያጣ ይመስላል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ጽሑፉን በመሰረዝ ቪዲዮውን የሚቆርጠው አሠራርም፣ አዶቤ በፕሪሚየር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ያስገባው ዓይነት፣ ለአማርኛ ወሰን አለው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ላልቶ “ተናገረ” ማለት የሆነው “አለ” እና ጠብቆ “ይገኛል” ማለት የሆነው “አለ” ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው የሰማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሲኒማ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እጁን ያነሣል፤ መነሣትም አለበት። ኤዲቲንግ የተወለደው ድምፅ በሌለበት ዘመን ነው ይለኛል። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ ያሳዩአቸው ፊልሞች አንድ ደቂቃ የማይሞሉ፣ ያልተቆረጡና ድምፅ አልባ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ያንኑ ፊት ከሾርባ ሳሕን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያፈራረቀ ቢያሳይ ተመልካቹ በፊቱ ላይ ረሃብ፣ ሐዘንና ፍላጎት አነበበ ይባላል። የሙከራው ፊልም ዛሬ በእጅ የለም፤ ትምህርቱ ግን የሙያው መሠረት ሆኖ ቀርቷል። የኩሌሾቭ ተማሪ የነበረው አይዘንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1925 የሠራው “ባትልሺፕ ፖቴምኪን” እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይታያል፤ አንድም የንግግር ድምፅ የለበትም። ታዲያ ጆሮ የት ገባ?

ተቃውሞው ብርቱ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሦስተኛ ትርጉም እንደሚወለድ ኩሌሾቭን ያልተማረ ሰው ኤዲተር አይሆንም። ነገር ግን ድምፅ አልባ የሚባለው ሲኒማ በአዳራሽ ሲታይ ዝም ያለ አልነበረም፤ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ያጅበው ነበር። ለፖቴምኪን በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ1926 ኤድመንድ ማይዝል የራሱን ሙዚቃ ደርሶለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዚያ ዘመን ኤዲተር የሚያቀናው የሰው ንግግር አልነበረውም። የእኛ ጀማሪ ሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ንግግር፣ ዜና፣ ትምህርት፣ የሰርግ ምርቃት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ቃሉን ብታወጡ የሚቀረው የሚንቀሳቀስ አፍ ነው። መርች ራሱ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲቆርጥ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚል ተከራካሪም ሊመጣ ይችላል፤ እውነት ነው፣ እንደዚያ እንደሚሠራ ተናግሯል። ግን ድምፁን የሚያጠፋው በሐሳቡ ውስጥ እንዲሰማው ብሎ ነው። ያን ማድረግ የሚችለው ለዓመታት የሰማ ጆሮ ነው፤ ጀማሪ ሞክሮት የሚያተርፈው ዝምታ ብቻ ይሆናል።

“ዛሬ እኮ ሰው ቲክቶክና ፌስቡክ በታክሲ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው” የሚለውም ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ለዚያ ተመልካች ከምስሉ በታች ጽሑፍ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ግን ከየት ይመጣል? ከሰማው ነው። መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነውም የተናጋሪው ትንፋሽ ነው፤ ግሡ ሳይነገር መልሱን ቀድሞ የሚገልጥ ጽሑፍ ቀልዱንም ሐዘኑንም ይገድላል። ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ እንዳይወጣ እንደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የዩኒኮድ ፎንት መምረጥ፣ ጽሑፉ የሚቀመጥበትን የኤስአርቲ ፋይልም በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥ ይበቃል።

ወደ ፕሮግራሞቹ ልምጣ። ጆሮን ያስቀደመ ጀማሪ ፕሮግራም ሲመርጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። “ስንት ኢፌክት አለው?” ማለቱን ትቶ፣ የድምፁን ሞገድ በግልጽ ያሳየኛል ወይ፣ ንግግሩን፣ የአካባቢውን ድምፅና ሙዚቃውን በየመስመራቸው ለይቼ መያዝ እችላለሁ ወይ፣ ኮምፒውተሬስ ይሸከመዋል ወይ ይላል። በዚህ መለኪያ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ከሁሉ ይልቃል ብዬ እፈርዳለሁ፤ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፌርላይት የተባለ ሙሉ የድምፅ ክፍል በውስጡ አለው። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድና 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ይወዳል። ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ከሆነ ሾትከት ወይም ኬዴንላይቭ ያዙ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፕሪሚየር ጥሩ ነው፤ ግን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው። ክራክ የተደረገውን ከሰው ፍላሽ ገልብጦ መጫን ደግሞ ቫይረሱንም አብሮ መቀበል ሊሆን ይችላል፤ ነጻ የሆነ ጥሩ ነገር እያለ ለምን? ካፕከት በስልክ ቆረጣን ለመልመድ አይናቅም፤ ኢፌክቱን እጃችሁ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

ደካማ ኮምፒውተር ያለው ሰው በዚህ መንገድ ተጠቃሚ መሆኑንም ልጨምር። በስልክ በፎርኬ የተቀረጸ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ከሦስት ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። የዚያው አሥር ደቂቃ ያልታመቀ ሞኖ ድምፅ 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ምስሉን ማጫወት የሚያቅተው ላፕቶፕ ድምፁን ያለ ችግር ያጫውታል። ስለዚህ በማንኛውም ፕሮግራም የምስሉን መስመር ዘግታችሁ መጀመሪያ ቃሉን ቁረጡ፤ ምስሉን ስትከፍቱ ደግሞ ፕሮክሲ የሚባለውን፣ ማለትም ለሥራ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቀላል ግልባጭ ሥሩ። የስልክ ቀረጻ ቋሚ ያልሆነ የፍሬም ብዛት ስለሚኖረው ድምፁና ከንፈሩ እየተላለፉ ካስቸገሩ፣ ሀንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍሬም መለወጥ ነው መድኃኒቱ።

ቀረጻው ላይ የተበላሸ ድምፅ ግን ኤዲቲንግ ላይ ሙሉ በሙሉ አይድንም። ሁለተኛ ስልክ ካላችሁ ድምፅ መቅጃ ከፍታችሁ ተናጋሪው የደረት ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ ሲጀመር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው በሁለቱም ሞገድ ላይ እንደ ሹል እሾህ ስለሚታይ ድምፁንና ምስሉን እዚያ ላይ ታገጣጥማላችሁ። ፍሪጁን ንቀሉ፤ የመብራታችን 50 ኸርዝ እምታ ከሞተሩ ጋር ቀረጻ ውስጥ ይገባል። ከመነሣታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ግማሽ ደቂቃ ቅረጹ፤ ንግግር ቆርጣችሁ ስታወጡ የሚፈጠረውን ጉድጓድ የምትሞሉት በእሱ ነው። ፍጹም ዝምታ ጆሮ ላይ የተቋረጠ ስልክ ይመስላል።

“ቀጣሪው ግን ፕሪሚየር የሚችል ነው የሚለው” ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ተማሩት። ግን ፕሮግራም ያረጃል። መርች ፊልም በእጅ ከሚቆረጥበት ዘመን ተነሥቶ “ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት”ን በአቪድ፣ “ኮልድ ማውንቴን”ን በፋይናል ከት ሠርቷል፤ በየጊዜው ያልተለወጠው ጆሮው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደው የኮሪያው “ፓራሳይት” ኤዲት የተደረገው በፋይናል ከት ፕሮ 7 ነው፤ ሽልማቱን ሲወስድ አፕል ያን ፕሮግራም ከተወው ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። ወደ ኋላ፣ ቁም፣ ወደፊት የሚሉት የጄ፣ የኬና የኤል ቁልፎች በአቪድም፣ በፕሪሚየርም፣ በሪዞልቭም አንድ ናቸው። አንዱን በሚገባ የያዘ ሰው ሌላውን ለመልመድ ብዙም አይቸገርም። የት እንደሚቆረጥ ያልሰማ ግን በየፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ የሥልጠና ማዕከል ለምትመሩ ወገኖቼ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ለድምፅ ስጡት። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የአሥር ደቂቃ የአማርኛ ቃለ መጠይቅ ስጡና የተናጋሪውን ሐሳብ ሳያዛባ ወደ ሁለት ደቂቃ ያውርደው፤ ሥራውን የሚያርመው አስተማሪም ሙሉውን ቅጂ ሰምቶ ያመሳክር። እስከዚያ ድረስ ሞኒተሩን አጥፉላቸው።